የጃዝን ዝምታ በመቀስ የቆረጠው ሠዓሊ

የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለሁ ኮላዥ እንድንሠራ ታዘን አሮጌ መጽሔትና ጋዜጣ ሰብስቤ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስቆርጥና ስለጥፍ አደርኩ። ሲነጋ ያየሁት የወረቀት ክምር እንጂ ሥዕል አልነበረም። ክፍት ቦታ ባየሁ ቁጥር ስደፍን አድሬ ኖሮ ዓይን የሚያርፍበት ሥፍራ አልተረፈም። ሮማሪ ቢርደንን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ቢርደን እ.ኤ.አ. በ1911 በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ኒውዮርክ ገብቶ ሃርለም ከተመ። እናቱ ቤሲ ጋዜጠኛ ነበረች፤ ቤታቸውን ከሚያዘወትሩት እንግዶች አንዱም ዱክ ኤሊንግተን ነበር። በ1935 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ከጀርመን በመጣው ሠዓሊ በጆርጅ ግሮስ ሥርም ተማረ። ሥዕል ግን እንጀራ አልሆነለትምና እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ አልፎ አልፎ እያቋረጠ የከተማዋ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። ቀን ቢሮ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ሥዕል። (የእኛ ሀገር ሠዓሊዎች ይህን ኑሮ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል።)

ጃዝን እንደ ሥዕል ትምህርት እንዲሰማ ያደረገው ሌላ ሠዓሊ፣ ስቱዋርት ዴቪስ ነው። የፒያኖ ተጫዋቹን የኧርል ሃይንስን ሙዚቃ እንዲያዳምጥ፣ በተለይም በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ክፍተት ልብ እንዲል መከረው። ቢርደን ደጋግሞ ከማዳመጡ የተነሳ ዜማው ጠፍቶ ዝምታው ብቻ ይሰማው ጀመር። እኔ ያን ሌሊት ያጣሁት ይህንኑ ነበር።

መንገዱ ግን ቀና አልሆነለትም። በ1950 ፓሪስ ሄዶ ሶርቦን ፍልስፍና አጠና። ሲመለስ፣ ወደ ፓሪስ መመለሻ ገንዘብ ላግኝ ብሎ ብሩሹን አስቀምጦ ዘፈን ይጽፍ ገባ። «ሲ ብሪዝ» የተሰኘውን ቢሊ ኤክስታይን ተጫወተለት። ሥዕሉን ትቶ በዚህ ሲባዝን በጭንቀት ታሞ ሆስፒታል እስከመግባት ደረሰ። ሲያገግም ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

በ1963፣ የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት ወቅት፣ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር «ስፓይራል» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ቢርደን በጋራ ኮላዥ እንሥራ ብሎ ቢያቀርብም ተቀባይ አላገኘም። ብቻውን ቀጠለ። ከመጽሔት የቆረጠውን ዓይን ከሌላ ሰው ፊት፣ ያንን ፊት ደግሞ ከአፍሪካ ጭምብል ጋር አገጣጠመ፤ የሃርለም ደረጃዎችን፣ የደቡቡን የጥጥ እርሻና ባቡር አመጣ። ሥራዎቹን በፎቶ አስፍቶ በ1964 ለእይታ ሲያቀርባቸው ዕድሜው 53 ነበር። ዝናው የመጣው ያኔ ነው።

በ1971 የሠራው «ዘ ብሎክ» ስድስት ሰሌዳ ሆኖ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ መጀመሪያ ሲታይ የመንገዱ ድምፅ በቴፕ ይሰማ ነበር። በ1977 ደግሞ የሆሜርን ኦዲሲ ወስዶ ጀግኖቹን ጥቁሮች አደረጋቸው። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው። የሰማያዊው ስፋት የባሕር ዝምታ አለበት።

ቢርደን መጋቢት 1988 አረፈ። የእሱ ኮላዦች በተራቸው ወደ መድረክ ወጡ፤ ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን «ዘ ፒያኖ ሌሰን»ን የጻፈው ከቢርደን ሥዕል ተነስቶ፣ ርዕሱንም ወርሶ ነው። በ1990 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። ዊልሰን አንድ ቀን ካናል ጎዳና ድረስ ሄዶ የቢርደን በር ላይ ቆሞ ነበር። ማንኳኳት ፈርቶ ተመለሰ።