የጊዮኑ መምህር፦ የፖል ሶንጋስ ሕይወትና ከክፍል ያገኙት ትምህርት

በማሠልጠኛ ተቋም የሚሰጠው ትምህርት ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ መምህርነት የሚጀምረው ሠልጣኙ ጠመኔውን ይዞ በተማሪዎች ፊት ብቻውን በቆመ ጊዜ መሆኑን በሙያው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያች ሰዓት በፊት የነበረው ዝግጅት ነው፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ያለው ግን ሠልጣኙን ራሱን የሚለውጥ ሌላ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወታቸውን ታሪክ የምንተርክላቸው ሰው በዓለም ዘንድ የሚታወቁት በፖለቲካ ሰውነታቸው ነው። የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ለፕሬዚዳንትነትም ተወዳድረዋል። ይሁን እንጂ የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው በአገራችን፣ በያኔው የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ በጊዮን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ያሳለፉት የሁለት ዓመት ጊዜ መሆኑን እርሳቸው ራሳቸው በሕይወት ዘመናቸው ደጋግመው መስክረዋል። ስለዚህ ታሪካቸው ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እኛን የመምህራንን ማኅበር ነው።

በአገራችን ስለተፈጸመው ስንናገር ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በውጭ አገር ስለተፈጸመው ስንናገር ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ማስቀመጣችንን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ትውልድና አስተዳደግ

ፖል ሶንጋስ የካቲት 14 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ሎዌል በምትባል ከተማ ከመንታ እኅታቸው ጋር ተወለዱ። ሎዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሜሪማክ ወንዝ ጉልበት በሚንቀሳቀሱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ዝነኛ የነበረች ከተማ ናት። ሶንጋስ በተወለዱበት ዘመን ግን ፋብሪካዎቹ ገሚሶቹ ወደ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች ፈልሰው፣ ገሚሶቹም ተዘግተው፣ ከተማይቱ የሥራ አጦች መኖሪያ ሆና ነበር። አባታቸው ከግሪክ አገር የመጡ ስደተኛ ሲሆኑ በአንዲት የልብስ ማጽጃ ቤት ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመው ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ዐረፉ። ልጅየውም የአባቱን የሥራ ድካም እያየ፣ በሱቁም እያገዘ አደገ።

በዳርትመዝ ኮሌጅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ተምረው በ1962 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። የባሕርያቸው ነገር ሲነሳ ዝምተኛና ዓይነ አፋር እንደነበሩ የሚያውቋቸው ይናገራሉ። ለመምህርነት የሚያበቃ የተለየ ሥልጠና አልነበራቸውም። እንግዲህ ይህ ወጣት ነው በ21 ዓመት ዕድሜው ወደ አገራችን ክፍል የገባው።

የዘመኑ ችግርና የሰላም ጓድ

በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ትልቁ ችግር የመምህር እጥረት ነበር። አንደኛ ደረጃውን በሐረርና በደብረ ብርሃን የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን መምህራን እየሸፈኑት ሲሄዱ፣ ሁለተኛ ደረጃው ግን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ከሕንድና ከሌሎች አገሮች በመጡ የውጭ አገር መምህራን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ የሚወጡት ምሩቃን የጠቅላይ ግዛቱን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊያዳርሱ ይችላሉ ተብሎ አይታሰብም ነበር።

በዚሁ ጊዜ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1961 እ.ኤ.አ. የሰላም ጓድን አቋቁመው ነበርና፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጥያቄ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች ለመምህርነት ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ተወሰነ። ወጣቶቹ በዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ሳምንታት አማርኛን፣ የኢትዮጵያን ታሪክና የማስተማር ዘዴን ከተማሩ በኋላ፣ በሀሪስ ዎፎርድ መሪነት በ1955 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ገቡ። ይህ ቡድን በአንድ ጊዜ የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር በእጅጉ ከፍ አደረገው። ከእነዚህ አንዱ ሶንጋስ ነበሩ፤ የተመደቡትም ጊዮን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በሳምንታት ሥልጠና መምህር ማድረግ ይቻላልን? የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜም የነበረ ነው፤ ዛሬም አለ። በኋላ ዘመን፣ ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ፣ የተማሪው እንቅስቃሴ የሰላም ጓድን አጥብቆ ሲቃወም ካነሳቸው ነገሮች አንዱ የትምህርቱ ጥራት ነበር፤ የፖለቲካው ምክንያት እንዳለ ሆኖ። ቅሬታው ከንቱ አልነበረም። ያልሠለጠነ መምህር በልጆች ጊዜ ላይ ነው የሚማረው፤ የባከነው ጊዜ ደግሞ ለልጆቹ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ጀማሪው ከክፍሉ የሚማር ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ የማይማር ከሆነ ግን ዕዳው በተማሪው ላይ ይቀራል።

ጊዮንና ተማሪዎቿ

ጊዮን ዛሬ ወሊሶ ተብላ የምትጠራው ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ብትሆንም በዚያ ዘመን የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ እርሷ ነበረች። በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲኬድ ወልቂጤ ይገኛል። በሌላው አቅጣጫ፣ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ ቡታጅራ አለ። ጉራጌዎች በየከተማው እየነገዱ ያገኙትን ገንዘብ አዋጥተው በአገራቸው መንገድና ትምህርት ቤት ማሠራት የጀመሩት በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ በአውራጃው የትምህርት ጥማት ብርቱ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ጥቂት ነበር።

የዚያን ዘመን የአውራጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ማን እንደነበረ ካላስታወስን፣ ሶንጋስ ምን እንደተማሩ አይገባንም። ከገጠር የመጣው ልጅ ዘመድ ያለው ከዘመዱ፣ ዘመድ የሌለው በኪራይ ክፍል ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ ይኖር ነበር። ስንቁን በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤተሰቡ በእግሩ ተጉዞ ያመጣል። ስንቁ ያለቀበት ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዳልተቀመጠ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገረው ልጅ በትምህርት ቤት አማርኛን ተምሮ፣ ሒሳቡንና ሳይንሱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይማር ነበር። አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ሙሉ በሙሉ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው ሶንጋስ በጊዮን በነበሩበት ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ የሳይንስ ጥያቄ ያልመለሰ ልጅ ሳይንሱ ጠፍቶት ይሁን እንግሊዝኛው፣ ወይስ ረሃቡ ይዞት፣ በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የቆመ እንግዳ መምህር በቀላሉ ሊለይ አይችልም።

ከክፍል ወደ ቤት

ሶንጋስ ሒሳብና ሳይንስ አስተማሩ። የጀማሪነት ጊዜያቸው ከሌላው ጀማሪ የሚለየው ባደረጉት አንድ ነገር ነው። ይኸውም ከአገራቸው ልጆች ጋር ብቻ መኖርን ትተው፣ ከተማሪዎቻቸው ጥቂቶቹን ይዘው በአንድ ቤት አብረዋቸው መኖራቸው ነው።

ይህ ነገር እንዲሁ ሲታይ የደግነት ሥራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ለሙያ ሰው ግን ከዚያ ያለፈ ትርጉም አለው። በክፍል ውስጥ መምህሩ የተማሪውን የሚያየው አርባ ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ቀን አያውቀውም። ከተማሪው ጋር ማዕድ የሚቆርስ፣ ማታ በፋኖስ ብርሃን ሲያጠና የሚያይ መምህር ግን በነጋታው ሰሌዳው ፊት ሲቆም ለማን እንደሚናገር ያውቃል። የትኛው ቃል እንደሚያደናቅፍ፣ የትኛው ምሳሌ ከልጁ ኑሮ ጋር እንደሚገጥም፣ ዝምታ መቼ የመረዳት መቼ የድካም ምልክት እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት በማሠልጠኛ ይሰጣል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጅለትን ልጅ ማወቅ ግን በማሠልጠኛ አይገኝም።

ተጠቃሚው ተማሪው ብቻ አልነበረም። ዓይነ አፋሩ ወጣት በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ታማኝነቱን በየቀኑ በሚመዝኑ ልጆች መካከል ሲኖር የራሱን አቅም ዐወቀ። በኋላ ዘመን ሶንጋስ ስለ ሕይወታቸው ሲጽፉና ሲናገሩ፣ ከየትኛውም ኮሌጅና ከየትኛውም ምክር ቤት ይልቅ ሰው ያደረጋቸው የኢትዮጵያው ጊዜ እንደሆነ አልሸሸጉም። በእኛ አነጋገር ብንገልጸው፣ ተማሪዎቹ መርማሪዎቻቸውም አሠልጣኞቻቸውም ነበሩ።

ከጊዮን በኋላ

የሁለት ዓመት ግዴታቸውን ፈጽመው በ1956 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1967 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። ወዲያውም በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. በዌስት ኢንዲስ ደሴቶች የሰላም ጓድ ሥልጠና አስተባባሪ ሆነው አገለገሉ። የትናንቱ ጀማሪ የዛሬዎቹን ጀማሪዎች ለማዘጋጀት ተመረጠ ማለት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ትዳር መሠረቱ፤ በዚያው ዓመትም የትውልድ ከተማቸው የሎዌል ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ነበሩ።

አፍሪካን አልረሱም። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ወረራ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ከባልደረባቸው ከዶን ቦንከር ጋር ወደ አፍሪካ ቀንድ ተጉዘው ያዩትን ለምክር ቤታቸው በዘገባ አቀረቡ። በሕግ መወሰኛውም የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ሆነው ሳለ የአፍሪካን ጉዳይ በቅርብ ይከታተሉ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓትም ተቃውመዋል።

በሎዌልም የተዘጉት ፋብሪካዎች ፈርሰው ከሚጠፉ ታሪካቸው እንዲጠበቅ ተከራክረው በ1978 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ ፋብሪካና ቦይ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ እንዲሆን አስወሰኑ። በዚሁ ፓርክ ውስጥ በስማቸው የተሰየመው የኢንዱስትሪ ታሪክ ማዕከል በ1991 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሥራው ለትምህርት ቤት ልጆች ነው። ልጆች ወደዚያ ሄደው በእጃቸው እየሸመኑና እየሞከሩ የከተማቸውን ታሪክ ይማሩበታል።

በ1983 እ.ኤ.አ. የሊምፍ ዕጢ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሥልጣን ከፍታ ላይ ሳሉ ዳግመኛ ላለመወዳደር ወስነው ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሕክምና ተደርጎላቸው ካገገሙ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ቀርበው በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት ቢል ክሊንተንን አሸነፉ። ሆኖም ውድድሩን እስከ መጨረሻው ሊገፉበት ስላልቻሉ በመጋቢት ወር አቋረጡ። ጥር 18 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በ55 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ለእኛ የሚቀረው

ሶንጋስ ጊዮንን በለቀቁ ማግሥት፣ በመስከረም 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለመፈጸም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማሩ። የራሳችን ወጣቶች ለአንድ ዓመት ከመጽሐፋቸው ተለይተው በገጠርና በአውራጃ ከተማ ማስተማራቸው አገራቸውን እንዳሳወቃቸው፣ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ በኋላ መስክረዋል። ስለዚህ የሶንጋስ ነገር የአንድ ባዕድ ሰው ልዩ ዕድል ብቻ አይደለም።

ዛሬ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ልምምድ የሚያደርግ ሠልጣኝ፣ ከ1955 ዓ.ም. ወጣት እጅግ የተሻለ ዝግጅት አለው። ቋንቋውን ያውቃል፤ የማስተማር ዘዴ ተምሯል፤ የሚመራው ነባር መምህር ይመደብለታል። ነገር ግን የልምምዱ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው የምዘና ቅጽ በመሙላትና የዕቅድ ደብተር በማስፈረም ነው። ሠልጣኙ የሚጨነቀው በተመዛኝነቱ ስለሆነ ልጆቹን ለማወቅ ፋታ አያገኝም። አንድ ቤት ተከራይቶ ከተማሪዎች ጋር ይኑር አንልም፤ ያ የዚያ ዘመንና የዚያ ሰው መንገድ ነው። ነገር ግን ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ የአምስቱን ቤት ያየ፣ ከወላጆቻቸው ጋር የተነጋገረ፣ ማን ማለዳ ውኃ ቀድቶ ማን ከብት አግዶ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሠልጣኝ ከልምምዱ በላጩን ይዞ ይሄዳል። ማሠልጠኛዎቻችንና ነባር መምህራኖቻችን ለዚህ የሚሆን ሰዓት በልምምዱ መርሐ ግብር ውስጥ ቢያስገቡ ወጪው ትንሽ ነው።

የመጨረሻው ነገር የምስጋና ዕዳ ነው። በሶንጋስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የኮሌጆቹ፣ የምክር ቤቶቹና የድል ቀናቱ ስም በየቦታው ተጽፏል። የጊዮን ተማሪዎቻቸውና አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያን መምህራን ግን በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ። ጀማሪ መምህርን የሚያሳድጉት ሁልጊዜ እነዚህ ስማቸው የማይነሳ ሰዎች ናቸው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅና በአጠገቡ ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባ። የሙያ ማኅበራችን የነባር መምህራንን ትዝታ በሚሰበስብበት ጊዜ፣ በዚያ ዘመን በጊዮን፣ በወልቂጤና በቡታጅራ የተማሩትንና ያስተማሩትን አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቢጠይቅ፣ የዚህ ታሪክ ሌላው ግማሽ ይገኛል።