ጄምስ ክላርክ ማክስዌልና የሳተርን ቀለበት

ከገሱባ ተነሥተን ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች፣ በመጀመሪያው ዓመት አነጋገራችንና አለባበሳችን መሣቂያ ሆኖብን እንደ ነበር አንዘነጋውም። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም የአንድ ፊዚክስ ሊቅ ታሪክ ልባችንን ነክቶት ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1831 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን ግሌንሌር በሚባል ገጠር ነው። በ8 ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። ለትምህርት ወደ ከተማ ሲመለስ ጓደኞቹ በልብሱና በአነጋገሩ እየሣቁ የቂል ቅጽል ስም አወጡለት። ይኸው ልጅ በ14 ዓመቱ የጻፈው የጂኦሜትሪ ጥናት በኤዲንብራ ሊቃውንት ማኅበር ፊት ተነበበ።

በ1855 ዓ.ም. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥያቄ ለውድድር አቀረበ። ይኸውም በግዕዝ መጻሕፍት ዙሐል የምትባለውን ሳተርንን የከበበው ቀለበት ሳይፈርስ እንዴት ሊኖር እንደ ቻለ የሚጠይቅ ነበር። ማክስዌል በሒሳብ መረመረው። ቀለበቱ አንድ ወጥ ጠጣር አካል ቢሆን ሚዛኑን ስቶ በወደቀ ነበር፤ ፈሳሽም ቢሆን የገዛ ሞገዱ በበታተነው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው የሚዞሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅንጣቶች መሆን አለባቸው ብሎ ደመደመ። ከቅንጣቶቹ አንዷን እንኳ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። በ1857 ተሸለመ፤ ጥናቱም በ1859 ታተመ።

በ1860 ያስተምርበት የነበረው የአበርዲን ኮሌጅ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሲዋሐድ ሥራውን አጣ። ወደ ለንደን ሄዶ ግን ኤሌክትሪክን፣ ማግኔትንና ብርሃንን በአንድ ሕግ አስተሳሰረ፤ የሬዲዮም መንገድ የተጠረገው በዚሁ ነው። በ1879 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ፣ እናቱን በገደላት ዓይነት ሕመም ዐረፈ።

በ1895 አሜሪካዊው ጄምስ ኪለር ከቀለበቱ የሚመጣውን ብርሃን መርምሮ ውስጠኛው ክፍል ከውጭኛው ፈጥኖ እንደሚዞር አረጋገጠ። ወጥ አካል ቢሆን ኖሮ ውጭኛው ይፈጥን ነበር። ከ2004 እስከ 2017 ሳተርንን ስትዞር የኖረችው ካሲኒ የተባለች መንኰራኩርም ቅንጣቶቹ በአብዛኛው በረዶ እንደ ሆኑ አሳየች፤ መጠናቸውም ከአሸዋ እስከ ቤት የሚያህል ነው።

በበጋ ሌሊት በገሱባ ከእንሰቱ ጓሮ ቆመው ቢያዩ ሳተርን ነጥብ ብቻ ናት፤ ቀለበቷ አይታይም። የሰውም አእምሮ እንዲሁ ነው። እኛም በሁለተኛው ዓመት በተራችን በአዲስ ገቢዎች አነጋገር ሥቀናል፤ ዛሬ ያሳፍረናል። ዘንድሮ ከየገጠሩ የሚመጡትን ወንድሞችና እኅቶች ስንቀበል ይህን እናስብ።