ቤል፣ ትንሹ ጥይትና የአረሩ ጉዳይ

በሰሜን አሜሪካ ሙስ፣ በሰሜን አውሮፓ ኤልክ የሚባለው የአጋዘን ዘር ከዘመዶቹ ሁሉ ግዙፉ ነው፤ ጎልማሳው ወንድ ከ500 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ይህን እንስሳ ለማደን የሚበቃው ጥይት የቱ ነው የሚለው ክርክር በካናዳና በስካንዲኔቪያ አዳኞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በዚህ ክርክር ውስጥ ትንሹን ጥይት የሚደግፈው ወገን ዘወትር ለምስክርነት የሚጠራው ሰው ዋልተር ዳልሪምፕል ሜይትላንድ ቤል ነው። ምስክርነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሹ ተቆርጦ ስለሚጠቀስ፣ የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤል በ1880 በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ አቅራቢያ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱን በሁለት ዓመቱ፣ አባቱን በስድስት ዓመቱ አጥቶ በታላላቅ ወንድሞቹ እጅ አደገ። የትምህርት ቤት ኑሮ ስላልተስማማው በአሥራ ሦስት ዓመቱ መርከብ ተሳፍሮ ባሕር ወጣ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ምሥራቅ አፍሪቃ ደርሶ፣ በዚያን ጊዜ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ይዘረጋ በነበረው የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ላይ ሠራተኞቹን ከአንበሳ የመጠበቅ ሥራ አገኘ። መሣሪያው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠብመንጃ ነበር።

ከዚያ የወርቅ ወሬ ወደ ካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ዩኮን ሳበው። ወርቁ አልቀናውም። እንጀራው የሆነው በበረዶው ውስጥ ሙስና ሌሎች እንስሳት እያደነ ሥጋቸውን ለዶሰን ከተማ ማቅረብ ነበር። አሁንም በእጁ የነበረው አንድ ጎራሽ ጠብመንጃ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው በስህተት የተተኮሰውን የሚያርም ሁለተኛ ጥይት በቶሎ አያገኝም፤ የቆሰለ ሙስ ደግሞ በጥልቅ በረዶ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሄደ ሥጋው ለአዳኙም ለከተማውም አይደርስም። ቤል ከመተኮሱ በፊት ጥይቱ የት እንደሚያርፍ መወሰንን የተማረው በኋላ ዝነኛ ባደረገው በዝሆን ላይ ሳይሆን በዚህ የሥጋ ንግድ ላይ ሊሆን ይችላል። የንግዱ ፍጻሜ ግን አላማረም፤ ሥጋውን ወስዶ የሚሸጠው ሸሪኩ ገንዘቡን ይዞ ስለ ጠፋ፣ ቤል ጠብመንጃውን ሸጦ ከአገሩ ወጣ።

የቦር ጦርነት ተነሥቶ ነበርና ከካናዳ ፈረሰኞች ጋር ተመዝግቦ ደቡብ አፍሪቃ ዘመተ። ፈረሱ ከሥሩ ተመትቶ ተማረከ፤ በኋላም አመለጠ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1902፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ተመልሶ የዝሆን ጥርስ አዳኝ ሆነ። በዛሬይቱ ኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በካራሞጃ ምድር ብዙ ዓመታት በማደኑ ካራሞጆ ቤል የሚል ቅጽል ወጣለት። እግሩ እስከ አገራችን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ እስከ ማጂም ደርሷል፤ ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ደጋ የሚወርደው የጊሎ ወንዝ በሚያጥለቀልቀው ረግረግ ያደረገውን ጉዞም በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል።

በዚያን ዘመን የዝሆን አዳኞች ዕምነት ግልጽ ነበር፤ ለትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት። የእንግሊዝ ሠሪዎች ለዚህ ያዘጋጁት ባለ ሁለት አፈሙዝ .450 ኢንች ጠብመንጃ 31 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 650 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ጉልበቱ ወደ 6,700 ጁል ይጠጋል። ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ፓውል ማውዘር ያዘጋጀውና የስፔን ጦር በ1893 የተቀበለው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጥይት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። አረሩ 11.2 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ 700 ሜትር በሴኮንድ፣ ጉልበቱ 2,700 ጁል ገደማ ነው፤ ከሌላው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቤል ግን ትልቁን ጠብመንጃ ሞክሮ ተወው። ይህ ሰው ካደናቸው 1,011 ዝሆኖች ውስጥ 800 ያህሉ የወደቁት በዚሁ በትንሹ ጥይት ነው።

ለመሐንዲስ ጉዳዩ እንቆቅልሽ አይደለም። ዘልቆ የመግባት ችሎታ የሚለካው በጠቅላላው ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ የአረሩ ክብደት ለግንባሩ ስፋት ሲካፈል በሚገኘው ውጤትም ጭምር ነው። የማውዘሩ አረር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ግንባሩ ላይ ከ27 ግራም በላይ ይሸከማል፤ የ.450ው 29 ያህል ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ቤል ለአንዳንድ ጊዜ የያዘው የማንሊከር ጠብመንጃ (በአገራችን ምንሽር የተባለው የዚሁ ወገን ነው) 6.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 10.4 ግራም አረር ሲተኩስ ከ.450ው ጋር እኩል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚያዋጣው አረሩ መንገዱን ሳይለቅና ቅርጹን ሳይለውጥ እስከ መጨረሻው ከተጓዘ ብቻ ነው። ቤል የመረጠው ለጦር ሜዳ የተሠራውን፣ ግንባሩ ዱልዱምና ክብ፣ እርሳሱ በጠንካራ ብረት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነውን አረር ነበር። አጥንት ሲመታ አይፈነዳም፣ አይጣመምም፣ በቀላሉም አቅጣጫ አይስትም።

ጥንካሬ ብቻውን ዝሆን አይጥልም። የዝሆን አንጎል ከጠቅላላው የራስ ቅል ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ ዙሪያውንም እንደ ማር እንጀራ በተቦረቦረ አጥንት የተከበበ ነው። ቤል የወደቀ ዝሆን ራስ በመጋዝ ለሁለት አስሰንጥቆ የአንጎሉን ቦታ አጠና፤ ያየውንም በራሱ እጅ ሣለ። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላም በገደምዳሜ ሲታይ አረሩ በየት በኩል ገብቶ አንጎሉ ላይ እንደሚደርስ ለየ። ከኋላ በገደምዳሜ የሚተኮሰው ምት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንጎሉ የተመታ ዝሆን ባለበት ይወድቃልና በአጠገቡ ያሉት ሳይደነግጡ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ለጥርስ ነጋዴ ትልቅ ትርፍ ነው። ሌላም ተጨባጭ ምክንያት ነበረው። ትንሹ ጠብመንጃ ለመሸከም ቀላል ነው፤ ትከሻን አይረግጥም፤ በጀርመን የተሠራው ጥይቱም በሙቀትና በዝናብ መካከል ሳይከሽፍ ይተኩሳል።

ይህን ብልሃት ሲያደንቁ ያመጣውንም መቁጠር ተገቢ ነው። ቤል ሒሳቡን በጥንቃቄ የያዘ ሰው በመሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ የዕድሜ ዘመን ስንት ዝሆን ሊያጠፋ እንደሚችል በቁጥር ይታወቃል። ግዛቱ ከቤልጅግ ንጉሥ ወደ ሱዳን በሚተላለፍበት ጊዜ፣ በ1910 አካባቢ፣ በላዶ ምድር ከሌሎች አዳኞች ጋር ሆኖ ያለ ብዙ ቁጥጥር አድኗል። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው ከእርሱ ሞት 35 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ነው።

ወደ ሙስ ክርክር ስንመለስ፣ ቤልን ለምስክርነት የሚጠሩት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። እርሱ ያረጋገጠው ትንሽ ጥይት ለሁሉ እንደሚበቃ ሳይሆን፣ አረሩ ለሚያርፍበት ቦታ ተስማሚ ሆኖ መሠራት እንዳለበት ነው። የዝሆን ራስ ጠንካራ አረር ይፈልጋል። ሙስ ግን እንደ ልማዱ የሚመታው በጎኑ፣ ሳንባውና ልቡ ባለበት ነው። ያ የጦር ሜዳ አረር በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ቢገባ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ በወዲያ ማዶ ይወጣል፤ እንስሳው ርቆ ሄዶ በሥቃይ ይሞታል። ለሙስ የሚያስፈልገው፣ ገብቶ እንደ እንጉዳይ የሚከፈት፣ ነገር ግን ተበታትኖ ከመንገድ የማይቀር አረር ነው።

የስዊድን የአደን ደንብ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ለሙስ የሚተኮሰው አረር ከ9 እስከ 10 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 2,700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 2,000 ጁል እንዲኖረው፣ ደግሞም የሚከፈት እንዲሆን ያዝዛል። ከበድ ላለው አረር አነስተኛ ጉልበት መፍቀዱ ከላይ ስለ ግንባር ስፋት ከተነገረው ጋር ይስማማል። አሮጌው 6.5 በ55 የስዊድን የጦር ጥይት በ10.1 ግራም አረር እስከ ዛሬ ሙስ የሚታደንበት በዚሁ በር ነው። የቤል ባለ 11.2 ግራም ጥይትም በክብደቱ ያልፋል፤ ዝነኛ ያደረገው ጠንካራ አረር ግን በዚያ ደን ውስጥ ክልክል ነው። በአንጻሩ ብዙ የአፍሪቃ አገሮች ለዝሆን ከ.375 ኢንች ያነሰ ጠብመንጃ አይፈቅዱም፤ እያንዳንዱ አዳኝ የቤል ዓይንና እጅ ይኖረዋል ብለው አልተማመኑም።

ቤል በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በምሥራቅ አፍሪቃና በባልካን ተዋግቶ ተሸልሟል። በ1923 ስለ ዝሆን አደን ኑሮው የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ጠብመንጃዎችም አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። የቀረውን ዕድሜውን በስኮትላንድ ደጋማ ምድር፣ በኮሪሞይሊ ርስቱ አሳለፈ። በዚያም በ1935 ገበያ ላይ የዋለውን .220 ስዊፍት የተባለ እጅግ ፈጣንና ቀላል ጥይት ለቀይ አጋዘን ይጠቀም ነበር። ይህኛው ምርጫው ተከታይ አላገኘም። በ1985 የወጣው የስኮትላንድ ደንብ ለአጋዘን የሚተኮስ አረር ከ6.5 ግራም እንዳያንስ ሲያዝዝ፣ የስዊፍት አረር የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ስለ ነበር ከፈቃድ ውጭ ሆነ። ቤል ይህን ሳያይ በ1954 አርፏል፤ ከጽሑፎቹ የተሰበሰበው የመጨረሻ መጽሐፉ በ1960 ታተመ።