«ተማሪ» የተባለው ሊቅ

ከመካከላችን በትምህርቱ ወይም በመመረቂያ ጽሑፉ «ቲ-ቴስት» የሚባለውን ስሌት ያላጋጠመው ጥቂት ነው። የሁለት ወገን ቁጥሮችን በኮምፒዩተር አስገብተን አንድ ቁልፍ ስንጫን መልሱ በቅጽበት ይወጣልናል። ይህን ስሌት ያወረሰን ማን እንደሆነ ብንጠይቅ ግን የምናገኘው የራሳችንን ስም ነው፤ «ተማሪ» የሚለውን።

እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሲሊ ጎሴት ይባላል። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለንና፣ በ1876 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በሁለቱም በአንደኛ ማዕረግ ካለፈ በኋላ፣ በ1899 ዓ.ም. ደብሊን በሚገኘው በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ።

በዚያም ከባድ ችግር ገጠመው። የትኛው ገብስ ለቢራ እንደሚሻል ለማወቅ ሙከራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሙከራ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በእጁ የሚገቡት ልኬቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ዘዴ ግን ለብዙ ልኬቶች የተሠራ ስለነበረ፣ ከአራት ወይም ከአሥር ልኬቶች የተገኘ አማካይ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው አይናገርም ነበር።

ፋብሪካው በ1906 ዓ.ም. ወደ ለንደን ላከውና በታወቀው ሊቅ በካርል ፒርሰን ዘንድ ተማረ። እዚያም የ3000 እስረኞችን ቁመትና የግራ እጅ የመካከለኛ ጣት ርዝመት በ3000 ቁራጭ ካርቶኖች ጽፎ፣ በሚገባ ደባልቆ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙናዎች አወጣ። በቀመር ያገኘውንም ሕግ በእነዚህ ካርቶኖች ፈተነው። ውጤቱ በ1908 ዓ.ም. «ባዮሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው ጽሑፍ እንዲያወጡ አይፈቅድም ነበርና፣ ጎሴት «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ፈረመ።

በመጀመሪያ ሥራውን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነበር። ኋላ ሮናልድ ፊሸር ቀመሩን በሒሳብ አረጋግጦ፣ ሁለት የተለያዩ ወገኖችን ለማወዳደር እንዲያገለግል አስፋፍቶ፣ በ1925 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አዳረሰው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ የጥቂት ልኬቶች ሒሳብ ታላላቅ ምርምሮችን ደግፎ ያቆም ጀመር።

ጎሴት በ1908ቱ ጽሑፉ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ ዛሬም ለኛ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። አሥር በሽተኞች ሁለት ዓይነት የእንቅልፍ መድኃኒት በየተራ ወስደው፣ በአንደኛው በአማካይ 0.75፣ በሌላው 2.33 ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ አገኙ። እነዚህን ቁጥሮች «አር» በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፈተንናቸው። ሁለቱን ዓምዶች እንደ ሁለት የተለያዩ የሰዎች ወገኖች ብንቆጥራቸው «ፒ» የሚባለው ዋጋ 0.079 ይሆናል፤ ከተለመደው ከ0.05 ወሰን ስለሚበልጥ ልዩነቱ አልተረጋገጠም ብለን እናልፋለን። የአንዱን ሰው ሁለት ልኬቶች አጣምረን ስናወዳድር ግን ዋጋው ወደ 0.003 ይወርዳል። ሰው ከሰው በእንቅልፉ የሚለያየው ልዩነት ከሒሳቡ ስለሚወጣ፣ የመድኃኒቶቹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ።

ስሕተቱ የማሽኑ አይደለም። በሁለቱ ዓምዶች የተጻፉት አሥር ሰዎች ይሁኑ ሃያ፣ ማሽኑ በምን ያውቃል? ያንን የሚያውቀው ልኬቱን የሰበሰበው ሰው ብቻ ነው። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ይህን ራሳችንን የምንጠይቅ?

ጎሴት በ1935 ዓ.ም. በለንደን የተከፈተውን አዲስ ፋብሪካ እንዲመራ ተሾመ፤ በ1937 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልያዘም። ቁጥሮቹ ከየትኛው እርሻና ከየትኛው ጆንያ እንደመጡ ማወቅ ግን የዕለት ሥራው ነበር። እኛ ስሙን በየቀኑ እንጠራበታለን፤ ልማዱንም ብንወርስ መልካም ነው።