የወይዘሮ ሉሲል ቦል የሕይወት ታሪክ

በደመወዝተኛነት በገባበት ቤት ኋላ ጌታ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዷ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ተዋናይ ወይዘሮ ሉሲል ቦል ናቸው። ታሪካቸው ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ስለሆነ በአጭሩ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሉሲል በ1911 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ጄምስታውን በተባለች ከተማ ተወለዱ። የስልክ ሽቦ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው በ1915 ዓ.ም. በተስቦ በሽታ ሲሞቱ እርሳቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። በወጣትነታቸው ወደ ቲያትር ትምህርት ቤት ቢገቡም፣ መምህራኑ ተስፋ የላትም ብለው መለሱአቸው። እርሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ሆሊውድ ሄደው፣ በ1930ዎቹ ዓመታት አር ኬ ኦ በተባለው የፊልም ኩባንያ በትንንሽ ሚና እየተጫወቱ በደመወዝ ይኖሩ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. የኩባ ተወላጅ የሆኑትን ሙዚቀኛ ዴሲ አርናዝን አገቡ። በ1950 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ የሁለቱን ስም አጣምረው ዴሲሉ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በሚከተለው ዓመት ለሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን አስቂኝ ትርዒት ሲያዘጋጁ ክርክር ተነሣ። ሲ ቢ ኤስ ትርዒቱ ከኒውዮርክ በቀጥታ እንዲተላለፍ ሲፈልግ፣ እነርሱ ሆሊውድ ተቀምጠው በፊልም ለመቅረጽ ፈለጉ። የፊልሙ ወጪ ስለ በዛ ከሳምንት ክፍያቸው 1000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በለውጡም የፊልሞቹ ባለቤትነት ለዴሲሉ ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድ ጊዜ የታየ ትርዒት ዳግመኛ ዋጋ ያወጣል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ሆኖም ትርዒቱ እጅግ ተወደደ፤ በጃንዋሪ 1953 ዓ.ም. አንዱን ክፍል 44 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው። ፊልሞቹም ደጋግመው የሚታዩ ሀብት ሆኑ።

ኋላም ባልና ሚስቱ ፊልሞቹን ለዚያው ለሲ ቢ ኤስ ሸጡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የአር ኬ ኦን ስቱዲዮዎች ከ6 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ገዙ። ስለዚህ ወይዘሮ ሉሲል ቀድሞ ደመወዝ የሚቀበሉበት ግቢ ንብረታቸው ሆነ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ትዳራቸው ፈረሰ። በ1962 ዓ.ም. የባላቸውን ድርሻ ገዝተው የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሆሊውድ እንዲህ ያለውን ትልቅ ስቱዲዮ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ይነገርላቸዋል። ስታር ትሬክ የተባለው ትርዒት ወጪው ከባድ ነው ተብሎ የኩባንያው ሹማምንት በተቃወሙ ጊዜ፣ ሥራው እንዲቀጥል የወሰኑት እርሳቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ወጪው ኩባንያውን አስጨነቀው። በ1967 ዓ.ም. ዴሲሉን በ17 ሚሊዮን ዶላር ገልፍ ኤንድ ዌስተርን ለተባለው ኩባንያ ሸጡት። ገዢው አስቀድሞ ጎረቤቱን ፓራማውንትን የያዘ ስለሆነ ሁለቱን አዋሐዳቸው፤ የዴሲሉም ስም ቀርቶ ፓራማውንት ቴሌቪዥን ተባለ። ወይዘሮ ሉሲል በራሳቸው ስም ሌላ ኩባንያ አቋቁመው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በኤፕሪል 26 ቀን 1989 ዓ.ም. ዐረፉ።

ውሕደቱ ከሞታቸውም በኋላ አላቆመም። ፓራማውንትን በ1994 ዓ.ም. ቫያኮም ገዛው፤ በ2000 ዓ.ም. ቫያኮምና ሲ ቢ ኤስ ተዋሐዱ። ቀጥሎ ቢለያዩም በ2019 ዓ.ም. እንደገና አንድ ሆኑ። በዚህም ፊልሞቹን የገዛው ሲ ቢ ኤስና ስቱዲዮውን የወረሰው ፓራማውንት በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ ሉሲልን ከደመወዝተኛነት ያወጣቸው ሳቅ ማሳቅ መቻላቸው ብቻ አይደለም፤ ለዛሬ ጥቂት ቀንሰው ለነገ የሚሆነውን የሥራቸውን ፍሬ በእጃቸው ማስቀረታቸው ነው። ኩባንያ ይሸጣል፣ ስሙም ይለወጣል፤ በሚገባ የተሠራ ሥራ ግን ባለቤቱ ቢለዋወጥም ሲታይ ይኖራል።