ከኳስ ሜዳ ወደ ብዕር፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

የኳስ ተጫዋች ክብሩ በጕልበቱ ዘመን ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እግሩ የደከመ ዕለት ስሙም አብሮ ይረሳል ይላሉ። ይህ አባባል ለሁሉ እንደማይሠራ ለማስረዳት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድሁ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሥራ የተማሩ፣ እዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ፣ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ለቋንቋ ፍቅር እንግዳ ሳይሆኑ አደጉ።

በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአዲስ አበባ ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወዲያው የጣልያን ጦር አገራችንን ያዘ። ጠላት የቡድኑን ስም ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አለው፤ ኢትዮጵያዊ ከነጭ ጋር እንዳይጫወትም ውድድሩን በዘር ለየው። አንድ ወጣት በገዛ አገሩ ሜዳ በቆዳው ቀለም ሲከለከል የሚሰማውን ማዘን መገመት አያስቸግርም። ይህ ነገር በልባቸው ተተክሎ እንደቀረ የኋላ ሥራቸው ይመሰክራል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣልያኖች ቡድኖች ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር መወዳደር ጀመሩ። ትናንት የተከለከለው ልጅ አሁን ከሁሉም ጋር እኩል ቆመ። አቶ ይድነቃቸው ለዚሁ ለአንድ ቡድን 23 ዓመት ተጫወቱ፤ በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳገቡም ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድናችንም ተሰልፈዋል።

ነገር ግን ኳስ በእግር ብቻ አይቆምም፤ ሕግ ያስፈልገዋል። በዚያን ጊዜ የጨዋታው ሕግ የሚገኘው በባዕድ ቋንቋ ነበር። ሕጉን ያላነበበ ተጫዋች ከዳኛው ጋር ቢጣላ ምን ያስደንቃል? አቶ ይድነቃቸው ይህን ተመልክተው ብዕር አነሡ። የልዩ ልዩ ስፖርቶችን ዓለም አቀፍ ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ለአገራችን ስፖርት መተዳደሪያ የሚሆን ደንብም ጻፉ። ይህ ሥራ ጭብጨባ የሌለው ነው። ሆኖም ግብ የሚቆጠረው ለአንድ ቀን ሲሆን፣ ሕግ ግን ለሚመጣው ትውልድ ሁሉ ይተርፋል።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደ። በዚያው ውድድር ቡድናችን በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ያው ግብፅ በአዲስ አበባ ለዋንጫ ቀረበ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ2 አለቀ፤ በተጨማሪው ሰዓት ግን ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ቀድሞ ጣልያኖች በዘር የከፈሉት ሜዳ በዚያ ቀን የሁሉ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ትግላቸው በጉባኤ አዳራሽ ነበር። በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ እንኳ የተረጋገጠ ቦታ ስላልተሰጣት የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ፤ ለ1962ቱ ዋንጫ አንድ ቦታ ተፈቀደ። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ስትባረድ ከብርቱዎቹ ተከራካሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። የአፍሪካ ወጣቶች በገንዘብ ተስበው ወደ አውሮፓ መሄዳቸውንና ሲጋራና መጠጥ በስፖርት ስም መነገዱንም ይቃወሙ ነበር።

በዚህ በመጨረሻው አሳባቸው ሁላችን ላንስማማ እንችላለን። ዛሬ በጫግኒ ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ሕፃን ባሕር ማዶ መጫወትን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ድህነትን ማሸነፍ የማይሻ ማን አለ? ነገር ግን የእሳቸው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል። ጐበዞቹ ሁሉ ከሄዱ በአገር ሜዳ ማን ይቀራል? ታናናሾቹንስ ማን ያስተምራል?

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው እስከ መጨረሻው በፕሬዚዳንትነት ሳሉ ዐረፉ። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ኳስና መጽሐፍ ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳ የሚወርድ ልጅ ማታ ደብተሩን ይክፈት። የእግር ብርታት ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፤ በብዕር የተሠራ መልካም ሥራ ግን ባለቤቱ ካለፈም በኋላ ለሌላው ይጠቅማል።