ከቋራ እስከ መቅደላ፦ መንኮራኩር የናፈቀው ንጉሥ

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የነዳ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ጎንደር ከተማ ውስጥ ብዙ አያስቸግርም፣ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መሄድ ነው። ሊማሊሞ ላይ ሲደርስ ግን ያው መኪና ወደ ገደሉ ይስባል። ጎማውም በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። ጋራዥ ገብታችሁ ስትጠይቁ መካኒኩ የሚነግራችሁ ነገር ቀላል ነው፤ ጎማዎቹ ከመኪናው አካሄድ ጋር ቀጥ ብለው አልተቀመጡም።

መኪና አገራችን ከመግባቱ 40 ዓመት ገደማ በፊት በመንኮራኩርና በገደል የተጨነቀ አንድ ቋረኛ ነበር። ካሣ ኃይሉ። በኋላ አፄ ቴዎድሮስ።

ካሣ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ነው። አባቱ ሲሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ ጠላቶቹ ንጉሥ ከሆነ በኋላ እንኳ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ጎንደር አቅራቢያ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ፊደል ቆጠረ፣ ከዚያ ሸፈተ። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደባርቂ ነው። በ1840 ዓ.ም. ካሣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ምሽግ ይዞ የተቀመጠውን የግብፅ ጦር በጋሻና በጦር ገጠመ። መድፉ ሰዉን አጨደው። ካሣ ከዚያ ሽንፈት መድፍ የሚባለውን ነገር ልቡ ውስጥ ይዞ ተመለሰ፣ እስኪሞትም አልለቀቀውም።

የካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ተራራ ላይ፣ ዛሬ ጃናሞራ በምንለው አገር ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም፣ በቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ ካሣን ቴዎድሮስ ብለው ቀቡት። ዕድል ማለት ይሄ ነው!

ከነገሡ በኋላ ችግሩ ሌላ ሆነ። መድፍ ቢገኝስ በምን ይሄዳል? የዚያን ጊዜው ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ነበር። መንኮራኩር የሚሽከረከርበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኝ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ ቆሞ የሚያይ መኳንንት አይኖርማ፤ ሁሉም ያነሣል።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል የመሳሰሉ አውሮፓውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሠረገላና መድፍ እንዲሠሩ ተደረገ። ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥ አያውቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በኋላ ግን ተሳካና ትልቁ ወጣ፤ ሴባስቶፖል። ክብደቱን 70 ቶን የሚሉ አሉ፣ ተጋኗል። ወደ 7 ቶን ነው፣ ማለትም 70 ኩንታል። አንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት በሉት።

በዚሁ ዓመት ኅዳር 1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አስዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ጎንደሬ ሆኖ ይህን መዝለል አይቻልም። መንገድ የዘረጋውና ከተማ ያቃጠለው እጅ አንድ ነው።

ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ሊያስፈቱ ዙላ እየወረዱ ነበር። ንጉሡ ግን ሴባስቶፖልን ጥለው መሄድ አልፈለጉም። ዛሬ በወረታ–ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን አልፋችሁ ጋሸና ስትደርሱ፣ ከዚያ ወደ ደላንታ ስትታጠፉ የምታዩትን ገደል አስቡት። የጅዳ ሸለቆ ጥልቀቱ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እየተቆፈረ፣ ሠረገላው እየተጎተተ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይስባሉ፤ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ፍሬን ስለሌለ ከኋላ ይዘው ያስቀራሉ።

እዚህ ላይ ነው የአላይመንት ነገር የሚመጣው። የሠረገላ አክስል ከአካሄዱ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ሜዳ ላይ ጎታቹ ይመልሰዋል። ገደል አፋፍ ላይ ግን 70 ኩንታል ሲሸሽ ማን ይመልሰዋል? መንገዱም ወደ ውጭ ካዘነበለ ጥፋቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ መንኮራኩሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ማስተካከል ግድ ነበር። ንጉሡ ሁለቱንም ከሥራው ላይ ሳይነሡ ተከታተሉ።

ስድስት ወር ፈጀ። ወታደሩ በየሌሊቱ እየከዳ ሳሳ፣ ገበሬው በዘረፋው ተማርሮ ጠላት ሆነ። ሴባስቶፖል ግን ሳይወድቅ መጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጣ።

ከኋላ የመጣው ጄኔራል ናፒዬር ዙላ ላይ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከባድ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች ጭኖ ነበር። ጅዳ ሲደርስ የተዘጋጀ መንገድ ጠበቀው። የቴዎድሮስ መንገድ! በዚያው ወርዶ በዚያው ወጣ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች እንኳ በሥራው ተደንቀዋል።

ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ተደረገ። ከትልልቆቹ የንጉሡ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ፤ የሌሎቹም ጥይት ከጠላት በላይ እያለፈ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ያለ መንኮራኩር።